ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ሕግ ለመማር ለመጣችሁ

ልጆቼ፣ የሕግ የመጀመሪያ ዲግሪ አምስት ዓመት ይፈጃል። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የምትዛወሩ ከሆነ፣ ከመመዝገባችሁ በፊት የውጤት መግለጫችሁንና የየኮርሱን ዝርዝር ይዛችሁ ሬጅስትራር ቅረቡ። የትኛው ኮርስ እንደሚያዝላችሁ፣ ስንት ክሬዲት እዚሁ ጎንደር መውሰድ እንዳለባችሁ በጽሑፍ ተቀበሉ። የቃል መልስ ይዛችሁ እንዳትመለሱ! ለመመረቅ ድምር ነጥባችሁ ከ2.00 ማነስ የለበትም፤ የመውጫ ፈተናውም 50 በመቶ ይጠይቃል። ስለዚህ የውልና የወንጀል ሕግ ማስታወሻችሁን አትጣሉ።

ለተግባር ልምምድ ፍርድ ቤት ስትመደቡ መዝገብ ቤት መቀመጥን ምረጡ። ከደምቢያ የመጣ ገበሬ በላስቲክ የጠቀለለውን የመሬት ደብተር ፈትቶ ሲያሳያችሁ፣ ክስ እንዴት እንደሚከፈት ያኔ ይገባችኋል። እኔ ከዚህ የሚበልጥ ክፍል አላውቅም። ጥብቅና ለምታስቡ ደግሞ፣ ዲግሪው ብቻውን አይበቃም፤ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ለመቆም በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 መሠረት የፌዴራል ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል።