ሥጋ መሰል የቀዘቀዙ ምግቦችን ሲሞክሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከአዲስ አበባ ሱፐርማርኬት ወይም ከውጭ በመጣ ዘመድ ሻንጣ ጎንደር የሚገቡ ሥጋ መሰል የቀዘቀዙ ምግቦች አሉ። በርገር፣ ቋሊማ፣ የተፈጨ ሥጋ ወይም የዶሮ ቁራጭ ይመስላሉ፤ የሚሠሩት ግን ከአኩሪ አተር፣ ከአተር፣ ከስንዴ ወይም ከፈንገስ በሚገኝ ፕሮቲን ነው። መሞከራቸውን እደግፋለሁ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ልጆችም ሆኑ ከሥራ ደክመው የሚገቡ ሰዎች በገበታው ላይ አንድ አዲስ ነገር ቢያገኙ ደስ ይላል። ነገር ግን እንደ ሌላው ምግብ ዝም ብለው ወደ መጥበሻ የሚጥሏቸው አይደሉም።

ቬጀቴሪያን ስለተባለ የጾም ነው ብሎ ማሰብ

ከሁሉም በላይ የማሳስበው ይህን ነው። የቬጀቴሪያን ምግብ ሥጋ አይኑርበት እንጂ እንቁላልና ወተት ሊኖርበት ይችላል። ከፈንገስ ፕሮቲን የሚሠራውና እ.ኤ.አ. በ1985 በእንግሊዝ ለገበያ የቀረበው ኮርን (Quorn) የተባለው ምርት ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ነባር ምርቶቹ የሚያያዙት በእንቁላል ነጭ ነው። ለብቻው የተዘጋጀ የቪጋን (ከእንስሳት የሚገኝ ምንም ነገር የሌለበት) ምርትም ስላለው ሁለቱን ማሸጊያ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። በአሜሪካዊው ሞርኒንግስታር ፋርምስ ስም ከሚሸጡትም እንቁላልና ወተት ያለባቸው አሉ። ቢዮንድ በርገር ግን በአተር ፕሮቲን የተሠራ ነው፤ እንቁላልም ወተትም የለበትም።

ስለዚህ ፊት ለፊት ያለውን ሥዕል ትተው ከጀርባ የተጻፈውን የይዘት ዝርዝር ያንብቡ። «ኤግ» (እንቁላል)፣ «አልቡሚን» (ከእንቁላል ነጭ የሚገኝ)፣ «ሚልክ» (ወተት)፣ «ዌይ» ወይም «ኬሲን» (ሁለቱም ከወተት የሚገኙ)፣ «ቺዝ» (አይብ) ከሚሉት አንዱ እንኳ ካለበት የፍስክ ነው። እንግሊዝኛ ለማያነቡ እናት «የጾም ነው፣ ይብሉ» ማለት ቀላል ነገር አይደለም። እሳቸው የሚበሉት በእርስዎ ቃል ተማምነው ነው፤ ሳያነቡ መልሰው አያስገድፏቸው። አንዳንዱ ማሸጊያ ደግሞ ምግቡ እንቁላል ወይም ወተት በሚነካበት ፋብሪካ መሠራቱን ያስጠነቅቃል። ይህ በዋናነት አለርጂ ላለባቸው ሰዎች የሚጻፍ ነው፤ ለጾም ያስጨነቀው ሰው ግን የንስሐ አባቱን ይጠይቅ።

አለርጂ ካነሣን አይቀር፣ ስንዴ የማይስማማው ሰው እነዚህን ምግቦች በጥንቃቄ ይያዝ። ብዙዎቹ ውስጥ የስንዴ ፕሮቲን አለ።

መብራት ሲጠፋ ፍሪዘሩን እየከፈቱ ማየት

የቀዘቀዘ ምግብ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት። መብራት ሲሄድ «ቀልጦ ይሆን?» እያሉ በሩን መክፈት ብርዱን ያስወጣዋል። ሙሉ የሆነ ፍሪዘር ካልተከፈተ ቅዝቃዜውን እስከ 48 ሰዓት ይይዛል፤ ግማሽ ድረስ ብቻ የተሞላው ግን 24 ሰዓት ያህል ነው። እንግዲህ ባዶ ቦታ ካለ ውሃ የሞሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶችን ጨምሮ ማቀዝቀዝ ይጠቅማል፤ ውሃው ሲረጋ ስለሚያብጥ አፋቸው ድረስ አይሙሏቸው።

መብራት ሲመለስ ምግቡን ይዩት። ገና በረዶ ካለበት ወይም እንደ ፍሪጅ ዕቃ ቀዝቃዛ ከሆነ እንደገና ማቀዝቀዝ ይቻላል፤ ልስላሴውና ጣዕሙ ግን ይቀንሳል። ከ4 ዲግሪ በላይ ሞቆ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ ይጣል። ገንዘቡ ቢያሳዝንም ሽታው ስላልተለወጠ ብቻ ደህና ነው ማለት አይቻልም። በሻንጣ የሚመጣውም እንዲሁ ነው፤ ከውጭ አገር ተነሥቶ፣ አዲስ አበባ አድሮ፣ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ እስኪደርስ ረጅም ጊዜ ያልፋል። «ምን ላምጣልህ?» ብሎ ለሚደውል ዘመድ የቀዘቀዘውን ትቶ ከአኩሪ አተር የተሠራውን ደረቅ የሶያ ሥጋ እንዲይዝ መንገር ይሻላል።

እንደ በሬ ሥጋ ረጅም ጊዜ ማብሰል

ሥጋ ሲበስል ይለሰልሳል፤ ይህ ግን ወጥ ውስጥ ሲቆይ ይፈረካከሳል ወይም እንደ ስፖንጅ መረቁን ይመጥጣል። ቁሌቱን ለብቻው ይጨርሱ። ሽንኩርቱን፣ ዘይቱን፣ በርበሬውን፣ ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን በደንብ ያቁላሉ፤ ቁራጩን በሌላ መጥበሻ በዘይት ጠብሰው ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨምሩት። ማሸጊያው ሳይቀልጥ እንዲጠበስ ካዘዘ አያቅልጡት። ቀድሞ ከቀለጠ ውሃ ያዝላል፣ ቅርፊቱም አይደርቅም።

ስለ ሰዓቱ አንድ ነገር ልጨምር። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ተቀቅሎ ወይም በእንፋሎት እንዲበስል የታዘዘ ምግብ ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ደቂቃ በላይ ይፈልጋል። መካከሉ 74 ዲግሪ መድረስ አለበት፤ ቴርሞሜትር ከሌለ አንዱን ቁራጭ ከፍለው እስከ ውስጡ በደንብ መትኮሱን ያረጋግጡ።

ሳይናገሩ ለእንግዳ ማቅረብ

ጎንደር ውስጥ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎረቤት ሆኖ፣ በደስታም በሐዘንም አብሮ ይቀመጣል፤ ሥጋ ላይ ግን እያንዳንዱ የየራሱን ነው የሚበላው። ከዕፅዋት የተሠራ ምግብ ለዚህ ገበታ ትልቅ ዕድል ነው። ሆኖም የተፈጨ ሥጋ የሚመስል ነገር ፊቱ የቀረበለት እንግዳ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ገና ሳይቆርስ ከምን እንደተሠራ ይንገሩት፤ ማሸጊያውንም አይጣሉ፣ ያሳዩት። ለሙስሊም እንግዳ ከሆነ ሶሱ ውስጥ ወይን ጠጅ አለመኖሩን ቀድመው ያንብቡ።

ጨውን ሳያዩ መጨመር

አብዛኞቹ ጨዋቸው ከፋብሪካው ገብቶ ነው የሚመጡት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው። ማሸጊያው ላይ ያለውን የሶዲየም መጠን በ2.5 ቢያባዙ የጨውን መጠን ያገኙታል። ደም ግፊት ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ ወጡን ያለ ጨው ሠርተው መጨረሻ ላይ ይቅመሱ።

የዘወትር ምግብ ማድረግ

ሽሮውና ምስሩ ፕሮቲን አላቸው፤ ዋጋቸውም ከዚህ ጋር አይወዳደርም። የቀዘቀዘው ለለውጥ ያህል ይሁን። አዘውትሮ ለሚፈልገው ደረቅ የሶያ ሥጋ ይበቃዋል፤ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ፕሮቲን ነው፣ ፍሪዘርም አይፈልግም። በፈላ ውሃ ዘፍዝፈው እስኪለሰልስ ይተዉት፤ ከዚያ ውሃውን አጥብቀው ይጭመቁ። ሳይጨመቅ ከተጠበሰ የአኩሪ አተሩ ሽታ አይለቀውም፣ በርበሬውም ውስጡ አይገባም።