የመቅደላን ሁለት ስንኝ በንባብ ክበብ እንዴት እናንብብ

መቅደላ አፋፉ ላይ ጩኸት በረከተ፣
የሴቱን አናውቅም ወንድ አንድ ሰው ሞተ።

ይህን ሙሾ ያልሰማ ጥቂት ነው፤ ችግሩም እሱ ነው። ሁሉም በቃሉ ስለሚያውቀው ማንም አያዳምጠውም። ከስድስት እስከ አሥር ሰው ላለው ክበብ አርባ ደቂቃ ይበቃል።

ታሪኩን አታስቀድሙ። ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ብዙ ከተወራ በኋላ የሚነበብ ስንኝ የወሬው ማሳረጊያ ሆኖ ይቀራል። መጀመሪያ ግጥሙ ብቻውን ሁለት ጊዜ ይነበብ፣ በሁለት ሰው ድምፅ።

አነባበቡ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ የጦርነት ነው ብሎ በፉከራ ይለቀዋል። ሙሾ ነውና ዝግ ተብሎ ይነበብ። ቤቱ የወል ቤት ነው፤ እያንዳንዱ ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም (ሲነበብ ተለይቶ የሚሰማ የድምፅ ክፍል) ያላቸው ሁለት ሐረጎች አሉት። «መቅደላ አፋፉ» ሲባል «ላ» እና «አ» ተዋውጠው አንድ ይሆናሉ። በመጨረሻው ሐረግ ግን የ«አንድ» «ድ» መሰማት አለባት፦ ወን-ዳን-ድ-ሰው-ሞ-ተ። እሷ ከተዋጠች አምስት ቀለም ይቀራል፣ ሐረጉም ያነክሳል። «አናውቅም» ላይ አንድ ትንፋሽ ቁሙ።

ከዚያ «በረከተ» ላይ ቆዩ። የሚበረክተው እህል ነው፣ ከብት ነው፤ እዚህ የበረከተው ጩኸት ነው። «በዛ» በሚለው ተክታችሁ ሞክሩት (ቤቱም ይፈርሳል፣ እሱን ለጊዜው ተዉት)፤ ምን እንደጎደለ ጆሮ ይነግራችኋል።

ታሪኩ አሁን በአምስት ደቂቃ ይግባ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ አጠገብ፣ እሮጌ ላይ፣ ከእንግሊዝ ጦር ጋር በተደረገው ውጊያ ከቴዎድሮስ ጦር 700 ያህል ሰው አለቀ፤ የጦር አዛዣቸው ፊታውራሪ ገብርዬም እዚያው ወደቁ። በእንግሊዝ በኩል በቁስል የሞቱት ሁለት ነበሩ። ከውጊያው አንድ ቀን ቀደም ብሎ በመቶ የሚቆጠሩ እስረኞች በንጉሡ ትእዛዝ ተገድለዋል። ሚያዝያ 6 መቅደላ ስትያዝ ንጉሡ ራሳቸውን ገደሉ።

ወዲያው ጠይቁ፦ «ታዲያ ወንድ አንድ ሰው ብቻ እንዴት ሞተ?» ለዚህ ሃያ ደቂቃ ስጡ። አንዱ ውዳሴ ነው ይላል፤ ሌላው፣ ጥለዋቸው ለሸሹት ስድብ ነው ይላል፤ የእሮጌን ሙታን አስረሳ ብሎ የሚቆጣም አይጠፋም። አትዳኙ። ክርክሩ ከቀዘቀዘ፣ ሙሾ የምታወርደው አብዛኛውን ጊዜ ሴት መሆኗን አንሡና «የሴቱን አናውቅም»ን በእሷ አፍ አስነብቡት።

«ምን ተሰማችሁ?» አትበሉ፤ መልሱ «ያሳዝናል» ብቻ ይሆናል። «የትኛው ቃል ያዛችሁ?» ማለት ይሻላል።

በቅርብ ጦርነት ሰው ያጣ አንባቢ ካለ ምን እንደሚነበብ ቀድሞ ይነገረው፣ በር አጠገብ ይቀመጥ፣ በስም ተጠርቶ አይጠየቅ። ቢያለቅስ ውሃ አቅርቡለት እንጂ ንባቡን በማጽናኛ አታቋርጡ። መዝጊያው ላይ ስንኙን ለሦስተኛ ጊዜ የሚያነበው፣ ውይይቱ ላይ ብዙም ያልተናገረ ሰው ይሁን።