ጠባቂ ውሻው ጠቦት ሲያሯሩጥ፦ ምክንያቱና መፍትሄው

ከሱሉልታም ከሰንዳፋም የሚደወልልኝ አንድ ዓይነት ነገር ነው፦ «ከጅብ ይጠብቅልኛል ብዬ ያመጣሁት ውሻ ጠቦት ነከሰ።» ክትባትና ምግብ አልጎደለበትም ብዬ ልነሳ።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አስተዳደጉ ነው። ቡችላ ማንን እንደ ወገኑ እንደሚያይ የሚለምደው ከ3ኛው ሳምንት እስከ 12ኛው፣ ቢዘገይ 16ኛው ሳምንት ድረስ ነው። ያንን ጊዜ በር ላይ ታስሮ ካሳለፈ በግ ለእሱ የሚሮጥ መጫወቻ ነው። ዘሩም አለበት። ብዙ ሰው «ጀርመን ክልስ» (የጀርመን ሸፐርድ ድቅል) ይገዛል። ጀርመን ግን የተዳቀለው በግ ለመንዳት እንጂ ከመንጋ ጋር አድሮ አውሬ ለመከላከል አይደለም፤ ማባረር በደሙ አለ።

አምና ሰንዳፋ አንድ ግቢ ገባሁ። ውሻው 7 ወሩ ነው። የሦስት ጠቦት ጆሮ ተቦጭቋል፣ ባለቤቱ ዱላ ይዟል። የውሻውን አንገት ሰንሰለት ልጦታል፣ ቀኑን ሙሉ ታስሮ ነው የሚውለው። ሲፈታ ጭራውን እየቆላ በቀጥታ ወደ በረቱ ሮጠ። ጨዋታ እኮ ነው! ጠቦቶቹን ለየን፣ እሱን ከበረቱ አጠገብ በሽቦ አጥር ከለልነው። ጠዋትና ማታ በረጅም ገመድ ይዘን ከትልልቅ በጎች ጋር አዋልነው፤ መሮጥ ሲጀምር ወዲያው «ተው!» ብለን እናወጣዋለን። አንዲት እናት በግ በግንባሯ ገጨችው፣ እሷ ከእኔ በላይ አስተማረችው። ከአራት ወር በኋላ ሌሊት አብሯቸው ማደር ጀመረ።

አትምቱት። በጎች በሚወልዱበት ሰሞን ብቻውን አትተዉት። ሁለት ዓመት ሳይሞላው «ሰልጥኗል» አትበሉ። ሁለት ቡችላ አንድ ላይ አታምጡ፣ እርስ በርስ ሲጫወቱ በጉን ይጨምሩበታል።

ውሻው ሲሮጥ የኋላ እግሮቹ አብረው ከዘለሉ፣ ሲነሳም ካቃሰተ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር ይሆናል። በዘር ይተላለፋል፣ ውፍረት ያባብሰዋል። ራጅ ሳይነሳ አታራቡት።

በ6 ወሩ አንድ ቆለጡ ካልወረደም አታራቡት።

ወንድምና እህት አዳቅለው «ንጹህ ዘር» ብለው የሚሸጡ ሰዎች ያናድዱኛል። የቡችላውን እናት ካላሳዩአችሁ አትግዙ።

በግ አንገቱን አዙሮ ባንድ ቦታ ከዞረ ደግሞ የውሻውን ሆድ ጠርጥሩ። የታረደ በግ ጭንቅላት ጥሬውን በልቶ ትል ይዞ፣ እንቁላሉን ግጦሹ ላይ እየጣለ ሊሆን ይችላል። ለውሻው የትል መድኃኒት ስጡት፣ የታረደውን በግ ጭንቅላት በጥልቅ ቅበሩት።