መጋዞቼ ግድግዳ ላይ ወጡ

የእጅ መጋዞቼ ሳጥን ውስጥ እየተፋጩ ጥርሳቸው ዶለዶመ። መሞረድ ሰለቸኝ። 22 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ጣውላ ላይ፣ ከፊት ጠርዙ ጀምሬ 18 ሳንቲ ሜትር የሚገቡ አራት ስንጥቆች አወጣሁ። አንዱን መስመር ሁለቴ ስጋዝ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይከፈታል። ስለቱ ቁልቁል ይገባል፣ እጀታው ከላይ ይቀራል።

ጉዱ የመጣው በር ሲዘጋ ነው። ንዝረቱ አንዱን መጋዝ በፊት በኩል አንሸራቶ ጣለው፤ እግሬን ለጥቂት ሳተኝ! ከፊት ቀጭን ጣውላ በቪስ መታሁበት። አሁን መጋዙ የሚገባውም የሚወጣውም ከላይ ብቻ ነው።

ሌላው ጣጣ ግድግዳው ነበር። ብሎኬቱ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ፊሸሩ (ቪሱ የሚገባበት የፕላስቲክ መሰኪያ) ዝም ብሎ ይሽከረከራል። ቀዳዳውን ወደ ብሎኬቱ ዳር፣ ድፍን ወደሆነው ቦታ አዛወርኩት። ያዘ።