የኦፕን ሶርስ ፕሮጀክታችሁን ስራ እንዴት ከሌሎች ጋር መካፈል ይቻላል

ብቻችሁን የያዛችሁት ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ፕሮጀክት ካላችሁና ማታ ከስራ ገብታችሁ የጊትሃብ (ኮዱ ሚቀመጥበት ድረገጽ) ኖቲፊኬሽን መክፈት ራሱ እየከበዳችሁ ከሆነ ሰው ፈልጉ፣ እባካችሁ ጭራሽ እስኪሰለቻችሁ አትጠብቁ፣ የሰለቸው ሰው ቁልፉን ለመጣው ሁሉ ነው ሚያስረክበው። በፈረንጆቹ 2018 ኢቨንት ስትሪም የሚባለው የኤንፒኤም (የጃቫስክሪፕት ኮድ ማከፋፈያ) ፓኬጅ ላይ የሆነው ይሄ ነው፤ ባለቤቱ መጠቀሙን ከተወ ቆይቷል፣ አንድ ማያውቀው ሰው እኔ ልያዘው ብሎ ኢሜይል ሲልክለት ሰጠው፣ ከዛ ከቢትኮይን ዋሌት ሚሰርቅ ኮድ ገባበት።

መጀመሪያ ምትሰሩትን በሙሉ ጻፉት። ኢሹ (ሰው ሚከፍተውን የችግር ሪፖርት ወይም ጥያቄ) ማንበብ፣ የተደጋገመውን መዝጋት፣ ፑል ሪኩዌስት (ሰው የላከውን የኮድ ለውጥ) ማየት፣ ዶክመንቴሽን፣ ሪሊዝ (አዲስ ቨርዥን) ማውጣት፣ ዶሜይን ማሳደስ ምናምን። እኔ የኛን ቀን አቆጣጠር ወደ ፈረንጅ ሚቀይር ትንሽ ላይብረሪ አለኝ፣ ስጽፈው ሪሊዝ ማውጣት ብቻውን 9 እርምጃ ሆነ፣ አንዱም የትም አልተጻፈም ነበር። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ሌላ ሰው እያነበበ ሪሊዝ ያውጣ፣ እናንተ ዝም ብላችሁ እዩት፤ ቆሞ ከጠየቃችሁ እዛ ጋ ያልተጻፈ ነገር አለ ማለት ነው።

ቀጥሎ ሰው መምረጥ። ሪድሚ (የፕሮጀክቱ መግቢያ ጽሁፍ) ላይ "እርዳታ እንፈልጋለን" ብሎ ለጥፎ መጠበቅ ብዙም አይሰራም፣ ሁሉም ሌላው ይመጣል ብሎ ያልፈዋል። ሳይጠየቅ እየሰራ ያለውን ፈልጉ። እኔ ጋ አንድ ልጅ ጳጉሜ 6 ስህተት ይላል ብሎ ኢሹ ከፈተ፣ በዛው ቀን ደሞ ጳጉሜ 6 ሚሆንባቸውን አመታት ለይቶ ቴስት ጽፎ ላከ፣ ትንሽ ቆይቶ የሌሎችን ጥያቄ ሲመልስ አየሁት። እንደዚ አይነቱን በግል ጻፉለት፣ ስራውንም ጊዜውንም ቁረጡለት፦ "ለ3 ወር በሳምንት አንዴ አዲስ ኢሹዎችን ልታይልኝ ትችላለህ? ካልተመቸህ ምንም ችግር የለውም።"

ከዛ ፈቃዱን ቀስ በቀስ ስጡ። ሪፖው (የፕሮጀክቱ ኮድ ማስቀመጫ) ጊትሃብ ላይ በግል አካውንታችሁ ስር ከሆነ ወደ ኦርጋናይዜሽን (የጋራ አካውንት) አዛውሩት፣ የድሮው ሊንክ ራሱ ወደ አዲሱ ይወስዳል። እዛ ሪድ፣ ትሪያጅ፣ ራይት፣ ሜንቴን፣ አድሚን የሚባሉ 5 ደረጃዎች አሉ። በትሪያጅ ጀምሩ፣ ኮዱን ሳይነካ ኢሹ መለየትና መዝጋት ይችላል። ራይት (ኮዱን መቀየር ሚያስችለውን) ስትሰጡ ደሞ ሌላ ሰው ሳያጸድቀው ምንም ለውጥ ሜይን ብራንቹ (ዋናው ኮድ) ውስጥ መርጅ እንዳይደረግ ዝጉት፣ እናንተንም ጨምሮ።

ሪሊዙ ላይ ግን በጣም ተጠንቀቁ። በፈረንጆቹ 2024 ማርች ኤክስዚ (ሊኑክስ ላይ ፋይል ሚያምቅ ፕሮግራም) ላይ የተገኘውን ባክዶር (የተደበቀ ማስገቢያ ኮድ) አስታውሱ፣ ጂያ ታን በሚል ስም የመጣው ሰው 2 አመት አካባቢ በትዕግስት እየሰራ አመኔታ አገኘ፣ ሌሎች አካውንቶች ደሞ የደከመውን ሜንቴይነር (ፕሮጀክቱን የያዘውን ሰው) ስራውን ለሌላ ሰው አካፍል እያሉ ይገፉት ነበር። የተያዘው አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል ኢንጂነር የኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ሌላ ኮምፒውተር መግቢያ) ሎጊን ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱን አይቶ ስላጣራ ነው። ባክዶሩን ሚያስነሳው ኮድ ጊት (ሁሉም ሚያየው የፕሮጀክቱ ኮድ) ላይ አልነበረም፣ ሪሊዝ ፋይሉ ውስጥ ብቻ ነው የተገኘው! ስለዚ ሪሊዝ ከሰው ላፕቶፕ አይውጣ፣ ከሪፖው በአውቶሜሽን ይሰራ፣ ሁለት ሰውም ያጽድቀው። ቶሎ አስረክብ ብሎ ሚያጣድፍ ሰው ከመጣ ቆም በሉ።

ፓስዎርድ አትቀባበሉ። ፓይፒአይ (የፓይተን ፓኬጅ ማከፋፈያ) ላይ ኦነርና ሜንቴይነር የሚባል ሮል አለ፣ ምታምኑት ሁለተኛ ኦነር ይኑር፣ ለቀሩት ሜንቴይነር ይበቃል፣ ሪሊዝ መጫን ያስችላቸዋል። ለረጅም ጊዜ የጠፋ ሰው ካለ ጠይቃችሁና አመስግናችሁ ፈቃዱን አንሱ፣ ስሙ ግን ዝርዝሩ ላይ ይቆይ።

በመጨረሻ ኖቲፊኬሽኑን ለ2 ሳምንት ዝጉት፣ ቀድማችሁ ለሁሉም ንገሩ። ስትመለሱ እናንተን ሲጠብቅ የቆየውን ስራ ሁሉ መዝግቡና አንድ በአንድ ሰው መድቡለት።