ከድሮ ኮርስ የተቀዳ ኮድ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

በቴሌግራም ከሚዞሩ የፒኤችፒ (ዌብሳይት የሚሰራበት የኮድ ቋንቋ) ኮርሶች ብዙዎቹ ያረጁ ናቸው። ጀማሪው ኮዱን ፊደል በፊደል ቀድቶ አልሰራ ሲለው ራሱን ይጠረጥራል። መጀመሪያ ኮርሱ የተቀረጸበትን ዓመት እዩ። ከታች ያሉት ዓመታት በፈረንጆቹ ናቸው።

ምልክት፦ «ማይኤስኪውኤል_ኮኔክት የሚባል ፈንክሽን የለም»

ኮዱን ከማይኤስኪውኤል (ዳታ ማስቀመጫው) ጋር የሚያገናኘው ይህ ፈንክሽን በፒኤችፒ 5.5 (2013) ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶበት በ7.0 (2015) ጭራሽ ወጥቷል። ምትኩ ማይኤስኪውኤልአይ ወይም ፒዲኦ ነው። ስሙ ላይ «አይ» ጨምሮ ማለፍ ግን አይበቃም፤ ማይኤስኪውኤልአይ_ኩዌሪ መጀመሪያ የኮኔክሽኑን ቫሪያብል ይፈልጋል። «ፒኤችፒን ወደ 5.6 መልሱት» የሚል ምክር አትስሙ። የደህንነት ጥገናው በ2018 መጨረሻ ቆሟል።

ምልክት፦ አማርኛው ተበላሽቶ ይታያል

ደጋግሞ የሚመጣው ይህ ነው፤ ሁለት ዓይነት ስለሆነም ሳይለዩ መነካካት ዳታ ያጠፋል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ምልክት ነው፤ «ሰላም» ሦስት ጥያቄ ምልክት ይሆናል። ፒኤችፒማይአድሚን (ዳታቤዙን በብራውዘር የሚያሳየው ፕሮግራም) ከፍታችሁ ሠንጠረዡን እዩ። እዚያ አማርኛው ደህና ከሆነ ጥፋቱ ኮኔክሽኑ ላይ ነው፦ ከተገናኛችሁ በኋላ፣ ከማንኛውም ኩዌሪ በፊት፣ ሴት_ቻርሴት የሚባለውን ፈንክሽን በዩቲኤፍ8ኤምቢ4 (አማርኛንም ኢሞጂንም በሚይዘው የፊደል ኮድ) ጥሩ። እዚያም ጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን ፊደሉ ሲገባ ጠፍቷል፤ የሚመልሰው ኮድ የለም። የተማሪ መዝገብ ላይ ይህ ከደረሰ ባክአፕ ከሌለ ስሙን ሁሉ ከወረቀት እንደገና መተየብ ነው።

ሁለተኛው የላቲን ዝብርቅርቅ ነው። የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ8 ሦስት ባይት ይይዛል። እያንዳንዱ ባይት ለየብቻ ሲነበብ ምልክት ያለበት የላቲን «ኤ» በየፊደሉ መጀመሪያ እየተደጋገመ ይታያል። ዳታው አልጠፋም። ሳይቱ ለዓመታት ደህና ሲያሳይ ቆይቶ ኮዱ በታደሰ ማግስት የሚበላሸውም ለዚህ ነው፦ አሮጌው ኮድ የዩቲኤፍ8ን ባይት በላቲን1 (ለላቲን ፊደል ብቻ በተሰራ የድሮ የፊደል ኮድ) ሠንጠረዥ ውስጥ አስቀምጦ በዚያው መንገድ ሲያወጣው ሁለቱ ስህተቶች ይጣጣማሉ፤ አዲሱ ኮድ አንዱን ብቻ ሲያርም ሌላው ይጋለጣል።

ሠንጠረዡ ላይ ኮሌሽኑ (የፊደል ማነጻጸሪያና መደርደሪያ ደንቡ) «ላቲን1_ስዊድሽ_ሲአይ» ከሆነ መንስኤው ተገኘ። ማይኤስኪውኤል የስዊድን ሥራ ስለሆነ እስከ 8.0 (2018) ድረስ ነባሪው ይህ ነበር። ለጥገናው መጀመሪያ ባክአፕ ውሰዱ። ከዚያ የተበላሸውን ዓምድ ዓይነት ወደ ብሎብ (ባይቱን ሳይተረጉም እንዳለ የሚይዝ ዓይነት)፣ ቀጥሎ ወደ ቴክስት በዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ቀይሩ። ብሎብን ዘልላችሁ በቀጥታ «ኮንቨርት ቱ» ካላችሁ ዝብርቅርቁ ራሱ እንደ ትክክለኛ ጽሑፍ ተቀይሮ ይቀመጣል፤ ጥገናው ያኔ እጥፍ ይከብዳል። ባክአፕ ሳትወስዱ ይህን አትሞክሩ!

አዲስ ስትጀምሩ አራት ቦታ አስተካክሉ፦ ፋይሉን በዩቲኤፍ8 ያለ ቦም (ፋይሉ መጀመሪያ ላይ የሚገባ የማይታይ ምልክት) ሴቭ ማድረግ፣ ገጹ ላይ ሜታ ቻርሴት፣ ኮኔክሽኑ፣ ሠንጠረዡ። የድሮ ኮርሶች «ዩቲኤፍ8» ብቻ ይላሉ፤ አማርኛው ይገባል፣ ኢሞጂ ሲመጣ ግን ይሰበራል።

ጽሑፉ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች የተተየበ ከሆነ ይህ ሁሉ አይረዳም። ኢትዮጵክ ዩኒኮድ የገባው በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው ፎንቱ አማርኛ ያስመሰለው የላቲን ፊደል ነው። መቀየሪያ ፕሮግራም ይፈልጋል።

ሌሎቹ በአጭሩ

ፍላሽ (የድሮ የአኒሜሽንና የጨዋታ ማሳያ)፦ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ሞቷል፤ ትምህርቱን ዝለሉት።

ጄኪዌሪ (ቀጥለው እንዳሉት አንጉላርና ሪአክት የጃቫስክሪፕት መሣሪያ ነው) ላይ «ላይቭ» አይሰራም፦ በ1.9 ወጥቷል፤ «ኦን» ተጠቀሙ።

«አንጉላርጄኤስ» እና «አንጉላር» አንድ አይደሉም፦ የመጀመሪያው ድጋፉ በ2021 አብቅቷል።

ሪአክት 19 ላይ «ሪአክትዶም.ሬንደር» የለም፦ «ክሪኤትሩት» ተክቶታል። ፕሮጀክቱንም በክሪኤት ሪአክት አፕ ሳይሆን በቪት ጀምሩ።

«ሴንተር» እና «ፎንት» ታግ፦ ብራውዘር ዛሬም ያሳያቸዋል፤ እናንተ ግን ሲኤስኤስ ጻፉ።

ኮርሱ የይለፍ ቃልን በኤምዲ5 (በቀላሉ በሚሰበር ያረጀ መደበቂያ) ካስቀመጠ ግን ስህተት ሳያሳይ ስለሚሰራ ማንም አይነቃበትም። ፓስወርድ_ሃሽ እና ፓስወርድ_ቬሪፋይ ከፒኤችፒ 5.5 ጀምሮ አሉ፤ የሰው ስም የሚመዘግብ ገጽ ኢንተርኔት ላይ ከመውጣቱ በፊት ይቀየር።