ቪምን ለኮድ ጽሑፍ በእጅዎ ልክ እንዴት እንደሚያስተካክሉ

ፍኖተ ሰላም ላይ እህል ለሚነግዱ አንድ ዘመዴ የጤፍና የበቆሎ ገቢና ወጪ የሚመዘግብ አጭር የፓይተን ፕሮግራም የጻፍኩት ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ፣ ፕሮግራሙ የሚሠራበትን ሩቅ ሰርቨር በተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ ብቻ በሚሰጥበት መስኮት) ከፍቼ ነበር። ኢንተርኔቱ በደከመ ቁጥር በአይኮንና በመስኮት የተሞሉት የኮድ መጻፊያዎች ሲንገታገቱ፣ ቪም የተባለው፣ ተርሚናል ውስጥ የሚሠራው የጽሑፍ መጻፊያ ግን በመስመሩ ላይ የሚያመላልሰው ፊደል ብቻ ስለሆነ ሥራዬን ሳያቋርጥ አስጨረሰኝ። ቢል ጆይ እ.ኤ.አ. በ1976 የጻፈውን «ቪአይ» የተባለ የጽሑፍ መጻፊያ መሠረት አድርጎ ቪምን እ.ኤ.አ. በ1991 ለሕዝብ ያቀረበው ሆላንዳዊው ብራም ሙሌናር ነው። ፕሮግራሙ ያን ያህል ዕድሜ ስላለው የማይስተካከል ነገር የለውም ማለት ይቻላል፤ ጀማሪውን የሚያሳስተውም ይኸው ነው። ብዙዎች የሌላ ሰው ሦስት መቶ መስመር ሴቲንግ ገልብጠው ይለጥፉና አንዱ ነገር ሲበላሽ የቱ መስመር እንዳበላሸው ማወቅ ይሳናቸዋል። ገበሬ ቀንበሩን የሚፍቀው የበሬውን ጫንቃ የላጠበትን ቦታ ዐይቶ ነው፤ እዚህም ቢሆን አንድ መስመር የሚጨመረው አንድ ነገር ሲያስቸግር ብቻ ቢሆን ይሻላል።

አንድ ማሳሰቢያ ላስቀድም። ትእዛዞቹን እዚህ የጻፍኳቸው እንደ አነባበባቸው በፊደላችን ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ በትንንሽ ሆሄ ይጻፏቸው፤ የተጣመሩትንም ቃላት አይነጣጥሏቸው።

ሙሉውን ቪም መጫንና ፋይሉን መክፈት

ኡቡንቱ በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ተጭኖ የሚገኘው «ቪም ታይኒ» የሚባለው የተቀነሰ ቅጂ ነው፤ ይህ ቅጂ የኮዱን ክፍሎች በቀለም ለይቶ ማሳየት እንኳ አይችልም። ስለዚህ ተርሚናሉ ላይ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ቪም» ብለው ሙሉውን ይጫኑ። ቀጥለው በቤት ፎልደርዎ ውስጥ የሴቲንግ ፋይሉን በ«ቪም ~/.ቪምአርሲ» ይክፈቱ፤ የፋይሉ ስም ከነጥቡ ቀጥሎ ቪ፣ አይ፣ ኤም፣ አር፣ ሲ የሚሉት አምስት ፊደላት ናቸው። ለመጻፍ «አይ» የምትለዋን ፊደል፣ ጽፈው ሲጨርሱ ኢስኬፕን ይጫኑ፤ ለማስቀመጥና ለመውጣት የእንግሊዝኛውን ሁለት ነጥብ (:) አስቀድመው «ደብሊው» እና «ኪው» የሚሉትን ፊደላት አያይዘው ይጻፉና ኢንተር ይምቱ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደናገርበት ነገር አለ። ቪም ከስሪት 8 ጀምሮ የራስዎ የሴቲንግ ፋይል ከሌለ ብቻ አብረውት የመጡትን መነሻ ሴቲንጎች ይጭናል፤ ባዶም ቢሆን ፋይሉን በፈጠሩ ቅጽበት እነዚያን ይተዋቸዋል። ትናንት የነበረው ቀለም ዛሬ ሊጠፋ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው የፋይልዎን የመጀመሪያ መስመር «ሶርስ $ቪምረንታይም/ዲፎልትስ.ቪም» ማድረግ ነው፤ ከዶላር ምልክቱ ቀጥሎ ያለው ቃል ብቻ በትልልቅ ሆሄ ይጻፋል።

ቁጥርና ገብታ

«ሴት ነምበር» የመስመር ቁጥር ያሳያል፤ ፓይተን «መስመር 42 ላይ ስህተት አለ» ሲል ቁጥር እየቆጠሩ መውረድ ይቀራል። ቁልቁልና ሽቅብ መዝለል ለሚያበዛ ሰው «ሴት ሪሌቲቭነምበር» የሚለውን ቢጨምር፣ ከርሰሩ ካለበት መስመር ሌላው ምን ያህል እንደሚርቅ ያሳየዋል። እኔ ግን አልለመድኩትም።

ለገብታው (የኮድ መስመር ከግራ ጠርዝ ገባ ብሎ ለሚጀምርበት ክፍተት) «ሴት ኤክስፓንድታብ»፣ «ሴት ታብስቶፕ=4» እና «ሴት ሺፍትዊድዝ=4» የሚሉትን ሦስት መስመሮች ያስገቡ። የመጀመሪያው የታብ ቁልፍን ወደ ስፔስ ይቀይራል፣ ሁለተኛው ፋይሉ ውስጥ ያለ ታብ ስንት ስፔስ ያህል ሆኖ እንደሚታይ ይወስናል፣ ሦስተኛው ደግሞ አንድ እርምጃ ገብታ ስንት ስፔስ እንደሆነ ይነግረዋል። አራት ስፔስ የፓይተን ጸሐፊዎች የጋራ ልማድ ነው። «ሜክፋይል» የሚባለው የፋይል ዓይነት ግን የትእዛዝ መስመሮቹ በእውነተኛ ታብ ካልጀመሩ አይሠራም፤ ስለዚህ «ፋይልታይፕ ፕለጊን ኢንደንት ኦን» የሚለውን ከጨመሩ ቪም የፋይሉን ዓይነት ለይቶ ለዚያ ዓይነት የሚስማማውን ሥርዓት ራሱ ይከተላል።

ፊደላችን ኮድ ውስጥ ሲገባ

የኮድ ማብራሪያዎችን በአማርኛ መጻፍ የሚወድ ሰው ሁለት ችግር ያጋጥመዋል። የመጀመሪያው ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል ማስቀመጫ አሠራር ሦስት ባይት ስለሚይዝ ቪም በሌላ አሠራር ከተከፈተ ጽሑፉ ወደማይነበብ ምልክት ይለወጣል። «ሴት ኢንኮዲንግ=ዩቲኤፍ-8» የሚለው መስመር ይህን ያስተካክላል፤ ተርሚናሉም በዚያው አሠራር መዘጋጀት አለበት።

ሁለተኛው ግን አንድ ከሰዓት ሙሉ አድክሞኛል። የዘመዴን ፕሮግራም ስጽፍ «የጤፍ ኩንታል ከዜሮ በታች ከሆነ» የሚለውን ሁኔታ ጽፌ፣ ኪቦርዱ ከማብራሪያው ወዲህ በአማርኛ እንደቀረ ሳላስተውል፣ መስመሩን በእንግሊዝኛው ሁለት ነጥብ ፈንታ በእኛው «፡» ዘጋሁት። ተርሚናሉ ላይ ሁለቱ ምልክቶች መንታ ይመስላሉ። ፓይተን የማይታወቅ ምልክት እንዳለ ነገረኝ፤ እኔ ግን መስመሩን አሥር ጊዜ ባነበውም ትክክል ነበር የሚመስለኝ። ከዚያ ወዲህ የሴቲንግ ፋይሌ ውስጥ የምትኖረው መስመር ይህች ናት፦

ኦቶሲኤምዲ ፋይልታይፕ ፓይተን ማች ኤረር /[፡።፣፤]/

በቅንፉ ውስጥ ያሉት አራት ምልክቶች በአማርኛ ኪቦርድ የሚጻፉ የእኛው ሥርዓተ ነጥቦች ናቸው። የፓይተን ፋይል በተከፈተ ቁጥር ቪም እነዚህን ባገኘበት ሁሉ በስህተት ቀለም ያደምቃቸዋል። ማብራሪያ ውስጥ ያሉትንም እንዲሁ ያደርጋል፤ ይህ መጠነኛ ዋጋ ነው፤ ቀለሙ የማብራሪያውን አራት ነጥብ ሲያቀላው ማየት ከሰዓቱን ከማጣት ይሻላል። ኪቦርዱ በአማርኛ እንዳለ ኢስኬፕ ከተጫኑም የቪም ትእዛዞች እንደማይታዘዙልዎ ያስታውሱ፤ መጀመሪያ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ነው።

መብራት ሲጠፋ

ቪም የሚጽፉትን ከዋናው ፋይል ጎን በሌላ ጊዜያዊ ፋይል ያቆያል፤ ሁለት መቶ ፊደል በጻፉ ቁጥር፣ ወይም ለአራት ሰከንድ ሳይጽፉ ከቆዩ፣ ያን ፋይል ያድሰዋል። መብራት ድንገት ጠፍቶ ኮምፒውተርዎ ከተዘጋ በኋላ ዋናውን ፋይል ሲከፍቱ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ ብዙዎች ደንግጠው የሚዘጉት ይህን ነው። «አር» የምትለዋን ፊደል ይጫኑ፣ የተመለሰውን ጽሑፍ ያንብቡ፣ ትክክል ከሆነ ያስቀምጡት። ጊዜያዊው ፋይል ግን በራሱ አይጠፋም፤ ሥራዎ መመለሱን ካረጋገጡ በኋላ ዋናውን ፋይል ዳግም ከፍተው በሚመጣው ማስጠንቀቂያ ላይ «ዲ» ብለው ያጥፉት።

ስህተትን ወደ ኋላ መመለስ ደግሞ ፋይሉ ከተዘጋ በኋላም እንዲቻል «ሴት አንዱፋይል» እና «ሴት አንዱዲር=~/.ቪም/አንዱ» ይጻፉ። ፎልደሩን ቪም ስለማይፈጥርልዎ አስቀድመው «ኤምኬዲር -ፒ ~/.ቪም/አንዱ» በሚለው ይፍጠሩት፤ አለዚያ ምንም ሳይናገር ዝም ብሎ ታሪኩን ሳያስቀምጥ ይቀራል። በሳምንቱ ተመልሰው «ዩ» ሲጫኑ ያለፈው ሳምንት ለውጥ አንድ በአንድ ሲቀለበስ ማየት ይችላሉ።

የቀሩት

ለፍለጋ «ሴት ኢግኖርኬዝ» እና «ሴት ስማርትኬዝ» አብረው ይግቡ፤ በትንንሽ ሆሄ ሲፈልጉ ሁሉንም፣ ትልቅ ሆሄ ካስገቡ ያንኑ ብቻ ያገኛል። ለቀለም «ከለርስኪም ደዘርት» ጨለማ ክፍል ውስጥ ዐይን አይጎዳም፤ በረንዳ ላይ በፀሐይ ለሚሠራ ግን ነጣ ያለ መደብ ይሻለዋል።

ፕሮግራሙን ከቪም ሳይወጡ ለማስኬድ አንድ ቁልፍ ይበቃል፦

ኤንኖሪማፕ <ኤፍ5> :ደብሊው<ሲአር>:!ፓይተን3 %<ሲአር>

ኤፍ5ን ሲጫኑ ፋይሉ ይቀመጣል፣ ከዚያም በፓይተን ይሮጣል፤ የመቶኛ ምልክቱ የተከፈተውን ፋይል ስም ይተካል። በ«ማፕ» ፈንታ «ኖሪማፕ»ን የመረጥኩት፣ ያለፈ ሌላ የቁልፍ ለውጥ ከዚህኛው ጋር ተጠላልፎ ያልታሰበ ነገር እንዳይሠራ ነው።

ፕለጊኖችን (ቪም ላይ የሚታከሉ ተጨማሪ ፕሮግራሞችን) በተመለከተ፣ የእኔ ምክር ቢያንስ አንድ ወር ያለ እነሱ መሥራት ነው። የግድ ሲሆን ግን ቪም 8 እና ከዚያ ወዲህ ያሉት የፕለጊኑን ፎልደር «~/.ቪም/ፓክ» ውስጥ ስም በሰጡት ፎልደር ሥር «ስታርት» በሚል ፎልደር ካስቀመጡለት በራሳቸው ያነቡታል፤ ስለዚህ ኢንተርኔት ካለው ጓደኛ በፍላሽ አምጥቶ መጫን ይቻላል።

አንድ ነገር እንዳሰቡት ካልሆነ መጀመሪያ «ቪም --ክሊን» ብለው ይክፈቱ፤ ያለ እርስዎ ሴቲንግ ችግሩ ከጠፋ ጥፋቱ የፋይልዎ ነው። ከዚያ የተጠራጠሩትን ሴቲንግ ለምሳሌ «:ቨርቦስ ሴት ታብስቶፕ?» ብለው ይጠይቁት፤ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን መጨረሻ ላይ የቀየረውን ፋይል ስም ጭምር ይነግርዎታል።